ከዕቃ ቤት የሚወጣው ጨርቅ፦ በመሃል አዲስ አበባ ለሚገኙ ሰበካ ጉባኤያትና ምእመናን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በተክለ ሃይማኖት፣ በልደታና በአካባቢው ለሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤያት፤ እንዲሁም ለምእመናን በሙሉ

ጉዳዩ፦ ሀብትና ማዕረግ ሳይኖራቸው ድኻን የማገልገል ሥራ የጀመሩ ሰዎችን ስለ መስማትና ስለ መደገፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በመሃል ከተማ በሚገኙ አጥቢያዎቻችን ውስጥ ማንም ሳይሾማቸው የተራበ የሚያበሉ፣ አልጋ ላይ የቀረ ሽማግሌ የሚያጥቡ፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ ደብተር ገዝተው ትምህርት ቤት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ራሳቸው ድኾች ናቸው፤ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ የሰው ልብስ የሚያጥቡ፣ በጥበቃ ሥራ የሚያድሩ ወይም በጡረታ የሚኖሩ ናቸው። የጀመሩት ሥራ ከጉልበታቸው በላይ ሲሆንባቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ይመጣሉ። የሚጠይቁትም ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን ባዶውን የሚውል አንድ ክፍል፣ በዕቃ ቤት የተከማቸ ድስትና ሰሃን፣ አለዚያም የጉባኤው ማኅተም ያረፈበት አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት እነዚህ ሰዎች በጉባኤያችን ፊት የሚሰሙበትና የሚደገፉበት መንገድ እንዲከፈት ለመለመን ነው።

የምጽፈው የጉባኤን ሥራ ከሩቅ እያየሁ አይደለም። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ አሳልፌአለሁ፤ በአጥቢያዬም ሙዳየ ምጽዋት ሲቈጠር ተቀምጫለሁ፣ የሰበካ ጉባኤ ሒሳብም መርምሬአለሁ። ሞዴል 64 የተባለው የገቢ ደረሰኝ ሳይቈረጥለት የገባ ብር እንዴት እንደሚጠፋ፣ በቅንነት የተጀመረ ሥራም መዝገብ ስላልተያዘለት ብቻ እንዴት ወደ ሐሜትና ወደ ክስ እንደሚያመራ ዐውቃለሁ። ስለዚህ ሥርዓቱ ይላላ ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሥርዓቱ የአገልግሎት በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ከመቆም አልፎ የአገልግሎት ረዳት እንዲሆን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ጉዳይ ላንሣ። ፒያሳ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ። ለዓመታት ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሚጋሩት ግቢ ጧሪ የሌላቸውን ጥቂት አረጋውያን ምሳ ያበሉ ነበር፤ ለገበያ የማይሆነውን እንጀራ ለይተው እሳቸው ያስቀምጣሉ፣ ወጡን ጎረቤት በየተራ ይሠራል። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ግቢው ፈረሰ፤ ጎረቤቶቹም ወደ ተለያየ የከተማው ዳርቻ ሄዱ። አረጋውያኑ ግን ቀን ቀን ከለመዱት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልራቁም። እኚህ እናት ሩቅ ከደረሳቸው ቤት ምግቡን በታክሲ ይዘው መመላለስ ጀመሩ፤ ሲከብዳቸውም ወደ አንድ ሰበካ ጉባኤ ቀርበው፣ የተሰበሩ አግዳሚ ወንበሮች የተከማቹበት ክፍል በምሳ ሰዓት እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ የፕሮጀክት ሐሳብ በጽሑፍ ያቅርቡ፣ የበጀት ምንጭዎን ያሳዩ፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ የተማረ ሰው ይዘው ይምጡ የሚል ነበር። ሲሸኟቸውም «አይዞዎት እናታችን፣ እግዚአብሔር ያዘጋጃል» አሏቸው።

የመለሷቸው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በትሕትናና በአክብሮት ነው ያነጋገሯቸው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እግዚአብሔር ያዘጋጃል ማለት እውነት ነው፤ ግን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው ይህን ቃል ለሸኚነት ሲጠቀምበት፣ የተዘጋጀውን ነገር ራሱ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ለተራቆተና ለተራበ ወንድም «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የሚያስፈልገውን ያልሰጠ ሰው ንግግሩ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው እንዲህ ላለው መልካም አንደበት ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ጕድጓድ ውስጥ በተጣለ ጊዜ የሆነውን እንድታስታውሱ እለምናችኋለሁ። በትንቢቱ 38ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ የይሁዳ አለቆች ነቢዩን በገመድ አውርደው ውኃ በሌለበትና ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት፤ ንጉሡ ሴዴቅያስም ሊቃወማቸው አልቻለም። በኢየሩሳሌም ካህናት ነበሩ፣ ጸሐፍት ነበሩ፣ የነቢዩን ቃል ለብዙ ዘመን ሲሰሙ የኖሩ ሰዎችም ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ተነሥቶ ወደ ንጉሡ የሄደው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው፤ ባዕድ፣ በሰው ቤት የሚያገለግል፣ በኦሪት ዘዳግም ሕግ መሠረት ጃንደረባ በመሆኑ ብቻ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ የተከለከለ ሰው። ንጉሡ በብንያም በር በተቀመጠበት ሰዓት ቀርቦ፣ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ክፉ አድርገዋል፣ በራብ ይሞታል ብሎ በግልጽ ተናገረ። ንጉሡም ሠላሳ ሰዎች ይዞ ሄዶ ነቢዩን እንዲያወጣው አዘዘው።

ስለ አቤሜሌክ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ድፍረቱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ጨርቁ ነው። አቤሜሌክ በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ አልሄደም፤ አስቀድሞ ወደ ንጉሡ ቤት ገብቶ፣ ከግምጃ ቤቱ በታች ካለው ስፍራ አሮጌና ያለቀ ጨርቅ ወሰደ። ያንን በገመድ አውርዶ፣ ገመዱ ሰውነቱን እንዳይቈርጠው ከብብቱ በታች እንዲያደርገው ለነቢዩ ነገረው። በጭቃ ውስጥ የሰነበተ ሰው ሲጎተት ብብቱ እንደሚቈስል ማሰብ ከትልልቆቹ ሰዎች ያልተገኘ ርኅራኄ ነው፤ የታናሽነትን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ለማሰብ የሚቀድም የለም ብዬ አምናለሁ። ሠላሳው ሰው የንጉሡ ነበር፤ ጨርቁም ከንጉሡ ቤት ነበር፤ ማንም ስለማይፈልገው እዚያ ተጥሎ ኖሯል። እግዚአብሔር ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በቤተ መንግሥቱ ነበረ። የጎደለው የሚጠይቅ ሰውና የሚፈቅድ ሰው ነበር። ሴዴቅያስ በብዙ ነገር ደካማ ንጉሥ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ለጃንደረባው ጥያቄ ማስረጃና ዋስ ሳይጨምርበት ፈቀደ። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍም ይኸው ንጉሥ ኤርምያስ በግዞት ቤት ሳለ፣ በከተማይቱ እንጀራ እስኪያልቅ ድረስ ከእንጀራ ጋጋሪዎች መንገድ በየዕለቱ አንድ እንጀራ እንዲሰጠው አዝዞ ነበር። ያን የመሰለ ነቢይ በዚያ የመከራ ዘመን በሕይወት የቆየው ከእንጀራ ጋጋሪዎች እጅ በወጣ እንጀራ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውም ከእኛ ጉባኤ ሥራ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን በዕለታዊው የምግብ እደላ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ችላ በመባላቸው ማንጎራጎር ተነሣ። ሐዋርያት ጉዳዩን ንቀው አልተዉትም፤ ምእመናኑን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አዘዙ። ያወጡት መመዘኛ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆናቸው ነው። ይህ ቀላል መመዘኛ አይደለም፤ እንዲያውም ከትምህርት ማስረጃ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም ምስክርነቱን የሚሰጠው አብሮ የኖረ ሰው ነውና። ከተመረጡትም አንዱ ኒቆላዎስ ከአሕዛብ ወደ አይሁድ እምነት ገብቶ የነበረ የአንጾኪያ ሰው ነበር። የገንዘብ ምንጭ እንዲያሳዩ የተጠየቁ አልነበሩም፤ ምግቡ የጉባኤው ነበር፤ እነርሱ የተሾሙት በአግባቡ እንዲያድሉት ነው።

የራሳችን ቤተ ክርስቲያን መሠረትም የተጣለው ማንም ባልጠበቀው ሰው እጅ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደ ዘገበው፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከጢሮስ ሰው ከሜሮጵዮስ ጋር ሲጓዙ መርከባቸው በወደብ ተጠቃች፤ አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ፣ እነርሱ ግን ተማርከው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ከሁለቱ ፍሬምናጦስ በንጉሡ ቤት አድጎ የመዝገብና የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ንጉሡ በሞተ ጊዜም ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲያግዛት ለመነችው። በዚያ ሥልጣኑ ያደረገውን ልብ በሉ፤ ከሮም ግዛት የመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ አገኘ፣ የሚጸልዩበትን ስፍራ ሰጣቸው፣ የሚያስፈልጋቸውንም አሟላላቸው። በኋላ ወደ እስክንድርያ የሄደው ለአገሩ ሌላ ጳጳስ እንዲላክለት ለመለመን ነበር፤ ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ ላከው። ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምናከብረው ይህ ሰው፣ የግምጃ ቤት ቁልፍ በእጁ በነበረ ጊዜ ለነጋዴዎቹ ስፍራ የከፈተ ሰው ነው። በየአጥቢያው የዕቃ ቤትና የሒሳብ ኃላፊ የሆናችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከእናንተ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው እርሱ ነው።

ከዘመናችንና ከዚህችው ከተማ ደግሞ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አስባለሁ። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ (ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት) ደርሶባት ከገጠር የመጣች ማንበብና መጻፍ የማትችል ወጣት ነበረች። ከታከመች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍና ሕሙማንን መርዳት ጀመረች፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ጊዜ መሣሪያ ታቀብል ጀመር፤ እያየች ተማረች፤ በመጨረሻም የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የምትሠራና ከሌላ ቦታ የሚመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ሰጣት። እዚህ ላይ የእሷን ተሰጥኦ ብቻ ማድነቅ አይበቃም። ባል ጥሏቸውና ቤተ ሰብ አግልሏቸው ለሚመጡ ሴቶች ከማንም ይልቅ የምትቀርበው ራሷ በዚያ መንገድ ያለፈችው ናት፤ ያ ቀረቤታ ወደ እጅ ጥበብ የተለወጠው ግን ሁለት ሐኪሞች በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ አጠገብ ቦታ ስለ ሰጧት ነው። መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃ ቢጠይቋት ኖሮ አልጋ ከማንጠፍ ባላለፈች ነበር።

ክብርት አበበች ጎበናንም ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ስለዚህ አላረዝምም። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ረኃብ ከጣላቸው ሰዎች መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ሕፃናቱ እየበዙ ሲሄዱም ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በሰኔ 2013 ዓ.ም ሲያርፉ አገር በሙሉ አለቀሰላቸው። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት፣ ማንም በማያውቃቸው ጊዜ፣ ከእኛ ጉባኤያት ወደ አንዱ መጥተው ክፍል ቢለምኑ ምን እንመልስላቸው ነበር? ጥያቄውን ለክስ አላቀረብሁትም፤ የሚቀጥሉት አበበች ዛሬ በደጃችን ቆመው ስለሚሆን ነው።

ስለ መግቦት ስንነጋገር ደግሞ ከቅዱሳት መጻሕፍት ያልተማርነውን ነገር መጠበቅ የለብንም። ኤልያስ በኮራት ወንዝ ቊራዎች መገቡት፤ ወንዙ ግን ዝናብ ባለመዝነቡ ደረቀ። እግዚአብሔርም ወንዙን ከመሙላት ይልቅ ነቢዩን ወደ ሲዶና ሰራፕታ ላከው፤ የላከውም ወደ ባለጸጋ ቤት አልነበረም፤ አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ወደ ቀራት፣ ልጇን ይዛ ሞት ወደምትጠብቅ መበለት ነው። ማድጋው ሞልቶ ተርፎ ጎተራ አልሆነም፤ ዱቄቱ ግን አላለቀም። ብዙ ጊዜ የበጎ ሥራ በጀት እንዲህ ነው፤ የአንድ ዓመት ገንዘብ ባንክ ገብቶ ሳይታይ የየዕለቱ ይደርሳል፤ አንዱ ምንጭ ሲደርቅ ሌላው ባልታሰበ ቦታ ይከፈታል። ስለዚህ እንደ እኚያ እናት ያለውን ሰው የዓመቱን በጀት ከነምንጩ አሳይ ማለት፣ የሰራፕታዋን መበለት ማድጋዋን መዝናችሁ ብቻ እንደ መፍረድ ይሆናል። የሞላበት ጊዜም አለ። በኦሪት ዘጸአት 36 ሕዝቡ ለማደሪያው ሥራ ያመጣው ስጦታ ከሚያስፈልገው በላይ ስለ ሆነ ሙሴ ከእንግዲህ ማንም እንዳያመጣ አዋጅ አስነገረ። ያ ሁሉ የተሰበሰበው ከጉትቻ፣ ከቀለበት፣ ሴቶች በእጃቸው ከፈተሉት ክር ነበር። ሰው የሚሰጠው ግን ሥራው ሲታይና የሚሠራው ሰው ሲታመን ነው፤ ለዚህ ደግሞ የጉባኤው ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው።

ጥርጣሬያችሁንም አውቃለሁ፤ መሠረት የሌለው አይደለም። በየመንገዱ ጥላ ዘርግተውና ሥዕል ይዘው ላልታወቀ ሕንጻ የሚለምኑ፣ የሕፃናትን ፎቶ በስልክ እያሰራጩ ገንዘብ ወደ ራሳቸው ሒሳብ የሚያስገቡ፣ እግዚአብሔር ላከኝ እያሉ የዋሁን የሚመዘብሩ ሰዎች አሉ። ድኻና ያልተማረ መሆን ብቻውን የመጠራት ማስረጃ አይሆንም፤ ጌዴዎን እንኳ ወገኔ በምናሴ ነገድ የተጠቃ ነው ብሎ ራሱን ዝቅ ቢያደርግም፣ በበግ ጠጕር ላይ ምልክት ለምኖ ነገሩን አረጋግጧል። ስለዚህ መርምሩ፤ ምርመራው ግን ሥራውን ይሁን። የሚበሉት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ፣ ምግቡ በእርግጥ የሚደርሳቸው መሆኑን፣ ጎረቤትና ዕድርተኛ ስለ ሰውዬው የሚመሰክረውን ጠይቁ። ይህ ምርመራ ከአንድ የተዋበ የፕሮጀክት ጽሑፍ ይልቅ እውነቱን ያሳያል፤ አታላይ ጽሑፍ አሳምሮ ማቅረብ አይከብደውም፣ የዓመታት ጎረቤት ግን በቀላሉ አይታለልም።

ከዚህ የተነሣ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በመደበኛ ስብሰባው ላይ እንዲህ ያሉ ሰዎች በቃላቸው የሚሰሙበት ጊዜ ይመድብ፤ መጻፍ ለማይችል ሰው ጥያቄውን ጽፎ ቃለ ጉባኤ የሚያሲዝለት አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይመደብለት። የካህናት፣ የምእመናንና የወጣቶች ተወካዮች በአንድ ጉባኤ እንዲቀመጡ የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዐዋዲ የወሰነው እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ነውና፣ ይህ ለወጣቶቹ የሚገባ አገልግሎት ነው። የዕቃ ቤታችሁና የባዶ ክፍሎቻችሁ ዝርዝር ይሠራ፤ ዓመት ሙሉ የማይነካ ድስት፣ ምንጣፍና አግዳሚ ወንበር ምን ያህል እንደ ሆነ ስታዩ ራሳችሁ እንደምትደነቁ እርግጠኛ ነኝ። የተመሰከረለት ሰው ሲገኝ ለሦስት ወር ያህል ለሙከራ ክፍል ይፈቀድለት፤ የሚሰበሰብ ገንዘብ ካለ በጉባኤው ሒሳብና በጉባኤው ደረሰኝ ይግባ፤ ወጪው ከአንድ የጉባኤ አባል ጋር በጋራ ይፈረም። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡም ሰውየውም ይጠበቃሉ። ይህን የሒሳብ አያያዝ ያለ ምንም ክፍያ ለማስጀመርና ወጣቶችን ለማለማመድ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ በጡረታ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼም እንደሚያግዙኝ ቃል ገብተውልኛል።

ምእመናን ሆይ፣ ከእናንተም የምለምነው አለ። የጽዋ ማኅበራችሁ በወር አንድ ቀን የአንዲት እንዲህ ያለች እናት ማዕድ በተራው ቢያዘጋጅላት፣ ተዝካርና ክርስትና የሚደግስ ቤተ ሰብ ከድግሱ አስቀድሞ ድርሻ ቢያስቀምጥላት፣ ከሰፈር የተነሡት ጎረቤቶች በበዓል ቀን ሲመጡ ከቀድሞው አረጋዊ ጎረቤታቸው ጋር ቢቀመጡ፣ ሸክሙ ይቀልላል። ከሁሉ በፊት ግን በሰፈራችሁ ማን ዝም ብሎ እየሠራ እንደ ሆነ ለሰበካ ጉባኤያችሁ ተናገሩ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው መናገር አይወዱምና ምስክርነቱ ከእናንተ ካልመጣ ከማንም አይመጣም።

ከላይ ያነሣኋቸው እናት እስከ አሁን ምሳውን ያመጣሉ። ዝናብ በሚሆንበት ጊዜ የሚያስጠልሉበት ስፍራ የለም፤ ክረምቱም ቅርብ ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ በየጉባኤያችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳነት ተይዞ እንዲታይና የተወሰነው ውሳኔ በዐውደ ምሕረት ለምእመናን እንዲነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የአራዳ አካባቢ ነዋሪና ምእመን
አዲስ አበባ